ተቀባይ ያጣ ሕመም

ሐመልማል ጥርሷን አሟት ጠዋት ማስታገሻ ክኒን ዋጠች። ስህተቷ ትዝ ያላት ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ክኒኑን ከመዋጧ በፊት የልጇን ሕመም ለጎረቤቷ ለእትዬ ብርዛፍ አላስረከበችም።

ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሕመም መሰማቱ ከቀረ ቆይቷል፤ ነርቮቹ የሚልኩትን መልእክት የእናቱ አንጎል ይቀበልለታል፤ እናት ማስታገሻ ስትወስድ ደግሞ ተቀባይነቱን ለሌላ ሰው ታስረክባለች። ልጇ ናርዶስ መዋዕለ ሕፃናት ስትወድቅ፣ ሐመልማል ቤቷ ቁጭ ብላ የራሷን ጉልበት እፍ ትላለች። ናርዶስም የእናቷን ፊት ተኮማትሮ ባየች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እማዬ፣ የኔ ነው ያንቺ?»

ዛሬ ክኒኑ የሁለቱንም ሕመም ዝም አሰኝቶ ዋለ።

«ነይ እስቲ ልይሽ» አለቻት ናርዶስ ከመዋዕለ ሕፃናት እንደተመለሰች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አየች፤ ፀጉሯን ገላልጣ ዳበሰች፤ እግሯን አገላበጠች። ጭረት እንኳ የለም።

«ምሳሽን ለምን ተውሽው?» አለች የምሳ ዕቃዋን ከፍታ።

«አላሰኘኝም» አለች ናርዶስ እየሳቀች። ግንባሯ ግን እንደ እሳት ይፋጃል።

ሐመልማል ለእትዬ ብርዛፍ ደውላ ሳታስረክብ ክኒን መዋጧን ነገረቻቸው።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አሉ።

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«አንቺ ልጅ! ምን ጉድ ነው የሠራሽው?»

ስልኩን ሳትዘጋ የክኒኑ ኃይል አለቀ። ከእምብርቷ በታች በስተቀኝ በኩል፣ ትርፍ አንጀት ባለበት፣ የሆነ ነገር ነከሳት፤ ወዲያው እንደ ቢላ ገብቶ አጎበጣት። ለካስ የናርዶስ ሕመም ከጠዋት ጀምሮ ተቀባይ ሲፈልግ ነው የዋለው።

ናርዶስ ቀና ብላ አየቻት። «እማዬ፣ የኔ ነው ያንቺ?»

«የኔ ነው» አለች ሐመልማል፣ ልጇን ታቅፋ ወደ በሩ እየሮጠች፤ «የኔ ነው፣ የኔ ነው።»