«አላውቃትም» ያለችው ሴት

«ታውቂያታለሽ ወይስ አታውቂያትም?!»

አባትየው በአንድ እጁ የልጁን ፀጉር ጨምድዷል... በሌላው የሴትዮዋን ኮሌታ አንቋል።

ቦታው አውቶቡስ ፌርማታ ነው። ጠዋት። ሰልፉ ረጅም ነው።

ሴትዮዋ የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና አማካሪ ናት። ልጅቷ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ አማካሪዋ ቢሮ እየገባች ዝም ብላ ስትወጣ ከርማ፣ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ፈታች... አባቷ በኤሌክትሪክ ገመድ እንደሚገርፋት ተናገረች። ጀርባዋን ገልጣ አሳየች።

አማካሪዋም እጇን ይዛ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አለቻት።

ወሬ ግን እግር አለው። ከቢሮው ስትወጣ ያያት ሰው ለአባቷ ነገረው።

«ስሚ! ይቺ ልጅ ምን ብላሻለች?»

አማካሪዋ ልጅቷን አንዴ ብቻ አየቻት።

«አላውቃትም» አለች።

ጧ! መነጽሯ በርሮ አስፋልቱ ላይ ተሰባበረ።

«ቢሮሽ ስትገባ ያያት ሰው አለ!»

«ቢሮዬ ስንቱ ልጅ ይገባል... ይቺን ግን አላውቃትም።»

ይኼኔ ጥፊው ቀረና ቡጢ ሆነ። ግራ ጆሮዋ ላይ አሳረፈባት። ወደቀች። ወድቃም አልተዋትም፣ ጎኗን በጫማው ረገጣት... ከጆሮዋ የወጣ ደም በአንገቷ ወርዶ ሸሚዟ ውስጥ ገባ።

ሰልፈኛውስ?... ሰልፈኛው ተራው እንዳያልፈው ከቦታው አልተነቃነቀም!

ልጅቷን ግን ከዱላው ሁሉ የገደላት ያ ቃል ነበር። አላውቃትም። ትናንት «አለሁልሽ» ያለቻት ሴት፣ ዛሬ ለራሷ ፈርታ ካደቻት።

አባቷ እየጎተተ ቤት ወሰዳት። «አለመናገርሽን አረጋገጥኩ፣ ለማንኛውም ግን...» ብሎ ገመዱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ በእርግጫ ተገነጠለ።

ፖሊሶች!

አባትየው የጋራዥ ሠራተኛ ነው። ትልቁን የብሎን መፍቻ አንስቶ የፊተኛውን ፖሊስ ትከሻ ሰበረው። አጥንቱ ሲንኮሻኮሽ ልጅቷ ከአልጋ ሥር ሆና ሰምታለች። ሦስት ሆነው ጣሉት... በካቴና ታስሮ ወጣ።

እሷ አክስቷ ጋ ሄደች። ትምህርት ቤትም ቀየረች።

«ፖሊስ የጠራልኝ ማነው?» ብላ ስትጠይቅ ጎረቤታቸው የነበረችው ሴትዮ ደረቷን ነፋች።

«እኔ ነኛ ልጄ! ጩኸትሽ አላስችል ብሎኝ...»

ይኸውላችሁ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዘይትና ስኳር ተሸክማ እየሄደች የዚያችን ሴት ጉልበት ትስማለች!

አማካሪዋንስ? አማካሪዋን ጠላቻት።

አንዴ ብቻ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላት፣ መንገድ ላይ አየቻት። ልቧ ራራ። ከኋላዋ ሮጣ በግራዋ በኩል ደረሰችና «ቲቸር!» አለቻት። ደግማ «ቲቸር!» አለች።

ሴትዮዋ ዞር ሳትል መንገዷን ቀጠለች።

«አሁንም አላወቅሽኝም አይደል?» ብላ መሬቱ ላይ ተፋች። ያን ቀን በልቧ ቀበረቻት።

በቀደም አማካሪዋ አረፈች።

ሙት አይወቀስም ይባላል። እሷ ግን ልትወቅስ ለቅሶ ቤት ሄደች።

ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ። አንዱ «እናቴ ናት» ይላል፣ ሌላው «እሷ ባትኖር ዛሬ አልኖርም ነበር» ይላል።

አላስቻላትም። ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ፎቶ አንስታ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠችው!

«ውሸት ነው! እኔን ፌርማታ ላይ 'አላውቃትም' ብላ ለአባቴ አሳልፋ የሰጠችኝ ናት!»

ሰው እንደ ንብ ወረራት። አንዱ አንገቷን አነቀ፣ አንዷ ፊቷን ቧጨረች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«ልቀቋት!»

አንድ ትከሻው የወረደ ሽማግሌ ነው። ጡረታ የወጣ ፖሊስ።

«ይቺን ትከሻ የሰበራት አባትሽ ነው» አላት። «ለመሆኑ እኛን ማን የላከን ይመስልሻል?»

«ጎረቤታችን...»

«የምን ጎረቤት! እሷ ናት! ደም ከጆሮዋ እየወረደ ጣቢያ ገባች። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ስንላት 'መጀመሪያ ልጅቷን!' ብላ ጠረጴዛዬን በቡጢ ደበደበችው። 'ነግራኛለች ብለው ኖሮ ቤት ሳይደርሱ ይገድላት ነበር' አለችኝ።»



«ታዲያ... ለምን አልነገረችኝም?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። 'ልጅን ከዱላ አውጥተህ ውለታ ካሸከምከው፣ ሸክም ቀየርክለት እንጂ መቼ አወረድክለት' አለችኝ።»

«ግን እኮ በኋላ ጠርቻታለሁ! በግራዋ በኩል ቆሜ፣ ሁለቴ... ዝም ብላኝ አለፈች!»

መሬት ላይ ተንበርክኮ የፎቶውን መስታወት ስባሪ ይለቅም የነበረው የሟች ባል ቀና አለ።

«በግራ ጆሮዋ እኮ አትሰማም ነበር ልጄ» አላት። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ብላኝ... እኔም እስከዛሬ እውነት መስሎኝ።»

እሷም አጠገቡ ተደፋች። በባዶ እጇ መስታወቱን መሰብሰብ ጀመረች። መዳፏ ተቆረጠ፣ ደሙ ፎቶው ላይ ይንጠባጠባል... «ተይው» ቢሏትም አልሰማ አለች።

ወዳጆቼ... ጎረቤትየዋን ግን አትጠይቁኝ፣ እሷ ዛሬም ዘይቷን እየጠበቀች ይሆናል!

ትምህርቱ አጭር ነው። በሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ። የሚጠየቀው ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ። እውነተኛ ደግ ሰው ደግነቱን አይነግራችሁም፣ የሚነግራችሁ ዘይት የሚቀበላችሁ ነው።

እናንተስ... «ከድቶኛል» ብላችሁ የቆረጣችሁት፣ ግን አንድም ቀን «ለምን?» ብላችሁ ያልጠየቃችሁት ሰው የለም? ማነው? እስኪ ኮሜንት ላይ ጻፉት... ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ደውሉለት።