በስሟ የተጻፈ መድኃኒት

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ፊቷን የእንቁላል ነጭ ተቀብታ፣ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማ ነበር።

«ምንድነው?»

«ጥፍሬን እየቆረጥኩ ነው። ደግሞ አትሳቂ፣ ይሰነጠቅብሻል» አለቻት ታላቅ እህቷ ትርሲት።

ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ብጉሩ ጉንጯን ስለወረሰው ከክፍሏ ልጆች የኮሮና ጊዜ ማስኳን እስካሁን ያላወለቀችው እሷ ብቻ ናት፤ «ዶክተር» ይሏታል። የቆዳ ሐኪሟ ያዘዘችላት የወሊድ መከላከያ እንክብል ነበር። ሆርሞኑ ብጉርንም እንደሚቀንስ አስረድታ፣ «አስቢበትና ትጀምሪያለሽ» አለቻት። ልጅቷ እናቷን ስለፈራች ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታመነታ ሰነበተች። በስሟ የተጻፈውን መድኃኒት ገዝታ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠችላት ትርሲት ናት።

«እማዬ ብታገኘውስ?»

«እኔ አለሁልሽ! ለፊቷ ነው፣ ሐኪም ነው ያዘዘላት እላታለሁ። ይልቅ ፊትሽ ጠርቶ ተመረቂ።»

ዛሬ ልትጀምር ወሰነች። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ግን እናቷ እንክብሉን ይዛ መሳቢያው አጠገብ ቆማለች።

«ይሄ የማን ነው?»

ልጅቷ ወደ እህቷ ዞራ ጠበቀች። ትርሲት ወለሉን እያየች፣ «ስሟ ተጽፎበት የለ?» አለች።

«እማዬ፣ ለብጉር ነው! ደግሞ ገና አልጀመርኩትም፣ አንዱንም አልነካሁም!»

እናቷ ሲነካ ቀጭ የሚለውን እሽግ ገልብጣ አሳየቻት። ዘጠኝ ፍሬ ጎድሏል።

ልጅቷ የእህቷን ጣቶች አየች። ጥፍሮቿ ረጃጅም ናቸው፤ ቀይ ቀለማቸው እንኳ አልተነካም።

ትርሲት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።