ዘጠኝ ሊትር ውሸት

ሻጩ ሱለይም ሁለቱን መለኪያዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንደኛው ክብ ነው፣ መርፌ አለው። ሞተሩ በሰዓት ስንት ሊትር ቤንዚን እንደሚጠጣ ያሳይና ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል። ሌላው ትንሽ መስኮት ያለው ነው። ጀልባው ከወደብ ከወጣ ጀምሮ የተቃጠለውን እየደመረ ይይዛል፤ ባለቤቱ ቁጥሩን ካላጠፋው አይረሳም።

"ይሄኛው" ይላል ዓሣ አጥማጁ ኸልፋን ባለ መርፌውን አንስቶ።

"ያኛው" ትላለች ሚስቱ ዝወይና። እሷ ምንም አላነሳችም።

ሱለይም ሁለቱንም በየተራ ያያል። "ሞተርዎ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው አጎቴ?"

"ሰባ አምስት። ዘይትና ቤንዚን ቀላቅዬ ነው የምሰጠው።"

"እንግዲያው መርፌው ይንቀጠቀጥብዎታል። የአሮጌ ሞተር አሳሳብ አንዴ ጎተት፣ አንዴ ለቀቅ ነው። ባለ መስኮቱ ግን አማካዩን ይወስዳል።"

"ይንቀጠቀጥ። እኔም ጠዋት ጠዋት እንቀጠቀጣለሁ።"

"የዚህ የአሽኸራ ሰው ሁሉ የሚያስታውስ ስጠኝ እያለ ይመጣል፤ እርስዎ የሚረሳ ይፈልጋሉ።"

"የሚያስታውስ እቤት አለኝ" ይላል ኸልፋን በአገጩ ወደ ሚስቱ እየጠቆመ። ሱለይም ይስቃል። ዝወይና አትስቅም።

ኸልፋን ከባሕሩ ሥር ዓሣ የሚሰበሰብበት አንድ ድንጋይ አለው። አባቱ ናቸው ያሳዩት፤ የተራራውን ስንጥቅና የመስጊዱን ጉልላት ለምልክት አሰልፈው፣ ለማንም እንዳይናገር አስምለው። ሃሙር የሚባለው ትልቅ ዓሣ እዚያ እንደ በግ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ለወንድሙ እንኳ አላሳየውም። ጠዋት ሲወጣ አገር እያየው ወደ ደቡብ ይነዳል፤ የሚያዩት ዓይኖች ሲርቁ ደግሞ ይዞራል። ወዴት እንደሚዞር የሚያውቅ የለም። አሁን ያ መስኮት ጀልባው ላይ ቢገጠም፣ ጀልባው አሸዋው ላይ ቆሞ ሳለ አንገቱን ያሰገገ ሁሉ ቁጥሩን አይቶ ርቀቱን ማስላት ይችላል። ሱለይም ራሱ ሦስት ጀልባ ያላቸው የአጎት ልጆች አሉት።

ከሁለት ወር በፊት ቤንዚን አልቆበት ሁለት ቀን ተንሳፈፈ። ፈላጊዎቹ ወዴት እንደሄደ ዝወይናን ጠየቋት። እሷም የምታውቀው፣ አገር ሁሉ የሚያውቀውን፣ ወደ ደቡብ መሄዱን ብቻ ነበር፤ እሱኑ ነገረቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ደቡቡን አሰሱ። በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤት ለለቅሶ ቤት የሚሆን ምግብ መላክ ከጀመረ በኋላ፣ ነፋስና ማዕበል ወደ መሀል ባሕር የገፉትን ጀልባ አንድ የጭነት መርከብ ድንገት አገኘው። ያለ መለኪያ ዳግመኛ አትወጣም ያለችው ያን ቀን ነው፤ እሱም እሺ ብሏል። የትኛው መለኪያ የሚለውን ግን አልተነጋገሩም።

"የማያያዣውን ቱቦ ላምጣ" ብሎ ሱለይም ወደ ጓዳ ይገባል። ዕቃ ሲያተራምስ ይሰማል።

ዝወይና ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። "የጁመዓ አባት፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቦታውን ንገረኝ ብዬህ አላውቅም።"

"አላልሽም።"

"አሁንም አልልህም። ግን ሰዎቹ ባልሽ የት ሄደ ሲሉኝ፣ ትናንት ከመንገድ እንደመጣ ሰው አገር የሚያውቀውን ብቻ ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ሳለ አፈርኩ። ሬሳህን እንኳ በየት በኩል እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር።"

ኸልፋን ባለ መርፌውን በእጁ ያገላብጣል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን የሚያነብ ይመስላል፤ ማንበብ ግን አይችልም።

"መስኮቱን ሰው ያየዋል" ይላል በመጨረሻ።

"ወደብ ሳትደርስ ቁጥሩን አጥፋው።"

"ካጠፋሁት ላንቺ ምን ይጠቅምሻል?"

ኸልፋን ወደ ጓዳው በር ይመለከታል፤ ማተራመሱ እንደቀጠለ ነው። ክቡን መለኪያ ቀስ ብሎ ያስቀምጣል።

"አርባ አንድ" ይላል።

"ምኑ?"

"ሊትሩ። ከወደብ እስከዚያ ድረስ። እንጨት ቤንዚኑ ውስጥ እየነከርኩ ለክቼ ነው የማውቀው።" ወደ ጓዳው ድጋሚ ያያል። "ዘጠኙ ውሸት ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው።"

ዝወይና ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። ስትቆጥር ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ።

"ሰው የሚያየው ወደ ደቡብ ስትሄድ ነው፤ የቀረው ግን…" ትላለች።

ኸልፋን ክቡን መለኪያ በጣቱ ወደ ጎን ይገፋዋል።

ሱለይም ቱቦውን በክንዱ ጠቅልሎ ይመጣል። "እሺ፣ ተስማማችሁ? የትኛውን ላሽግ አክስቴ?"

ባለ መስኮቱን ወደ ሻጩ የሚገፋው ኸልፋን ነው። "ይሄንን። ቁጥሩ እንዴት እንደሚጠፋም አሳየኝ።"

ዝወይና አልሰማችም። ወደ ደቡብ ለተከፈተው በር ጀርባዋን ሰጥታ በሰሜን በኩል ያለውን ግድግዳ ታያለች። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለ የገመድ ጥቅል ብቻ ነው ያለው። ዓይኗን ሳትነቅል፣ ጀልባ እንደሚሸኝ ሰው ታየዋለች።