ገመዱን ማን ያስረዋል?

አገርነሽ ሞተሩን አጠፋችው። ጀልባዋ ግን አልቆመችም፤ ከቀትር በኋላ የሚነሳው የጣና ነፋስ ከጎን ይዞ ወደ ደሴቲቱ ድንጋይ ይገፋታል። ከእሷ በቀር የተሳፈሩት ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ለነገው ንግሥ የሚሄዱ። ደሴቲቱ ሴት የማትረግጣት ገዳም ናት።

«በሉ እንግዲህ!» አለ አለበል ጥርሱን እየፋቀ። እሱም ጀልባ ነጂ ነው፤ የመጣው ለንግሡ ሳይሆን አገርነሽ ፈተናዋን ስትወድቅ ሊያይ ነው። «ነጂው ዘሎ ይወርድና ገመዱን ከዋርካው ያስራል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ዛሬ ማን ሊዘል ነው? ከሰማይ የምትዘለዋ ኮማንዶ?»

ሰዎቹ ሳቁ። አገርነሽ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም።

ከሰማይስ ዘላለች። አየር ወለድ ኮማንዶ ነበረች፤ የጀግንነት ኒሻን ሰው ሁሉ ቆሞ እያጨበጨበ ደረቷ ላይ ሰክተውላታል። ትከሻዋ ተመትቶ ከሠራዊቱ ከወጣች ወዲህ ግን በሄደችበት የሚሰጧት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ጥበቃ። ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር አንድ ባንክ በር ላይ ወንበሩ ተዘጋጅቶላታል። ነገ ጠዋት ካልገባች ለሌላ ይሰጣል። እሷ ደግሞ የሰው በር እያየሁ አላረጅም ብላ ድርቅ ብላለች።

የጀልባዋ ባለቤት ጋሽ ሱሌማን ከኋላ ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ። ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ የሐይቅ ዳር ሰው ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ጀልባ መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከባሕር ዳር ሲነሱ እንዲህ ብለዋታል፤

«ዛሬ እኔ ዕቃ ነኝ። ዕቃ ገመድ አያስርም፣ ዕቃ አይናገርም። አንቺ ደሴቲቱን ሳትረግጭ፣ እነሱም ሳይረጥቡ ካወረድሻቸው ጀልባዋን ትነጃለሽ። ካልሆነልሽ ባንክሽ ግቢ።»

ለተሳፋሪ ገመድ መስጠት አይቻልም። አምና አንዱ ልርዳ ብሎ ሲዘል እግሩ በጀልባና በድንጋይ መሃል ገብቶ ተቀጥቅጧል።

አገርነሽ ገመዱን ሸምቀቆ ቋጥራ ወደ ዋርካው ወረወረች። ነፋሱ ወደ ጎን ወሰደው። ደግማ ወረወረች። ቅርንጫፉን ነካና ውሃ ውስጥ ገባ።

«በግ ነው እንዴ የምትይዥው?» አለ አለበል።

የጀልባዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ «እመቤቴ!» ብለው ወንበራቸውን ጨበጡ። አገርነሽ ጫማዋን አወለቀች፤ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠመጠመችና በድንጋዩና በጀልባዋ መሃል ሐይቁ ውስጥ ገባች። ውሃው ደረቷ ላይ ደረሰ። እግሮቿን ከፍታ ቆመችና ጀልባዋን በሁለት እጇና በደረቷ አቆመቻት።

«ረገጠች!» አለበል ብድግ አለ። «አያችሁ? ረገጠች!»

«ምን ረገጥሁ?»

«መሬት ነዋ! ከሥርሽ ያለው ምንድነው?»

«ጭቃ ነው። የሐይቁ ጭቃ።»

«ጭቃውስ የማን ነው? የገዳሙ አይደለም?»

ይህን አላሰበችውም ነበር። ለመውረድ የተነሱት ተመልሰው ተቀመጡ። ጋሽ ሱሌማንን አየቻቸው። ዕቃ ናቸው፤ ሐይቁን ያያሉ።

ጩኸቱን ሰምተው እንግዳ የሚቀበሉት መነኩሴ አባ ቃለ ሕይወት መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ።

«ምንድነው?»

«አባታችን፣ ሴት ገባች!» አለ አለበል።

«የታለች?»

«ይችትና፤ ውሃው ውስጥ።»

አባ እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው አዩ። «ውሃው የት ደረሰሽ ልጄ?»

«ደረቴ ላይ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ምን ያስጮሃል? ዓሣውም እኮ ሴት አለው፤ ከልክለነው አናውቅም። ውሃው ከጉልበትሽ በታች እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቂ። በይ አውርጃቸው፤ ሽማግሌዎቹ በርዷቸዋል።»

አንድ በአንድ ወረዱ። እያንዳንዱ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል እያደረገ፣ ድንጋዩን እየረገጠ ያልፋል። ማዕበል በመጣ ቁጥር ጀልባዋ ጎድኗን ትመታታለች፤ በውትድርና የተመታው ትከሻዋ እሳት ሆኗል። ጫማው የረጠበ ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ አለበል መጣ። እጁን ሲያሳርፍ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው መሰለኝ፣ አነሳው።

«ያምሻል እንዴ?»

«ውረድ አልሁህ!»

ወረደ።

ያን ጊዜ ጋሽ ሱሌማን ኩታቸውን አጣፍተው ተነሱ። «ዕቃውም ይወርዳል» አሉ። «ከአባ ጋር ወሬ አለኝ፤ በሌላ ጀልባ እመጣለሁ። ቤንዚኑ ይበቃሻል።» ከመነኩሴው ጋር እየተጨዋወቱ ዳገቱን ወጡ።

አገርነሽ ብቻዋን ቀረች። ባዶዋ ጀልባ ቀልላ ይብሱን ትዘልባታለች። እንዴት አድርጌ እወጣባት ይሆን ብላ ስታስብ፣ ጌሾ ሊገዛ ወደ ገዳሙ መጥቶ የነበረ የአንበሳሜ ነጋዴ የጌሾ እስሩን ተሸክሞ ዳገቱን እየሮጠ ወረደ። ስለ ኮማንዶነቷም ስለ ኒሻኗም የሰማው የለም።

«ባሕር ዳር ነሽ?»

«ነኝ። ግባ።»

«ታዲያ ይህን ያዥልኝማ!» አለና ዙሪያውን አየ። ሁለቱም እጇ ጀልባዋ ላይ ነው። ጊዜም አላጠፋ፤ ጌሾውን ራሷ ላይ ጫነላትና ወደ ጀልባዋ ተሻገረ።

አገርነሽ አንገቷን አቀናች። ማዕበሉ መጥቶ ገፋት፤ እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከራሷ ላይ የረገፈው የጌሾ ቅጠል ብቻ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ በአጠገቧ አልፎ፣ ቀስ እያለ ወደ ገዳሙ ዳርቻ ሄደ።