ሰማያዊ በሬ

መምህርቷ አባትየውን የጠላችው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

የትምህርት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ሴት ልጁን መዋዕለ ሕፃናት ሊያስመዘግብ መጣ። ሥራው መካኒክ ነው። ከግራ ጆሮው ሥር ተነስቶ አንገቱን ይዞ የወረደ የቃጠሎ ጠባሳ አለው፤ ሰው ሲያናግር ዓይኑ በር በሩን ያያል። ቅጹን ሲሞላ የቤት አድራሻ የሚለውን ዘለለው።

«አድራሻ ይጎድላል» አለችው።

«ስልኬን ጽፌልሻለሁ። አድራሻ ምን ያደርግልሻል?»

ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። ዘወትር ከበሩ ፊት ለፊት ካልሆነ አትቀመጥም። አንድ ቀን መምህርቷ ሰሌዳው ላይ የሆነ ነገር ለማሳየት ማስመሪያ ብታነሳ፣ ልጅቷ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መምህርቷ አባትየውን በሆዷ ረገመችው።

ያን ሰሞን ለሕፃናቱ ካርታ እያስተማረች ነበር። በወፍራም ካርቶን የሠራቻቸው የራሷ የግጥም መጻሕፍት አሏት። በየገጹ መንገድ፣ ዛፍ፣ ድልድይ ተስሏል፤ ከሥሩ ስንኝ ተጽፏል። «ግጥም ቤት ሲመታ፣ እናንተን ቤት ያደርሳል» እያለች ትቀልድባቸዋለች። ልጆቹም ጣታቸውን በተሳለው መንገድ ላይ እየነዱ ይጮኹታል፤

ከበሩ ወጥተሽ ቀኝ ታጠፊ፣
ዛፉን ሰላም በይና እለፊ።

ቀጥሎ ሁሉም የየቤቱን ካርታ ከነግጥሙ እንዲሠራ አዘዘች። ልጅቷ ተራዋ ሲደርስ ተነስታ፣ አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለች፤

ከዳቦ ቤቱ ግራ ዞሬ፣
ስምንት ደረጃ ቆጥሬ፣
ሰማያዊ ነው የኔ በሬ።

ክፍሉ በሳቅ አበደ። «በሬ ሰማያዊ አይሆንም!» አለ አንዱ። «ይዋጋል?» አለ ሌላው።

«የቤቴን በር ነው ያልኩት!» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ እሷም ሳቀች። ስትስቅ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ሥዕሉ ላይ ከቤቱ ጀርባ ያለውን የጓሮ በር ከቤቱ አስበልጣ ነበር የሣለችው። መምህርቷ «ጎበዝ፣ መጠኑን በኋላ እናስተካክለዋለን» ብላ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፈችላት።

ልጆች በሚወሰዱበት ሰዓት አባትየው አየው።

«ይህን ማን አሣላት?»

«እኔ ነኝ። ቢጠፉ እንኳ ቤታቸውን እንዲያውቁ ብዬ...»

«የኔ ልጅ አትጠፋም!» ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠለው፤ አራት ቦታ ቀዶ ኪሱ ከተተው። «ሁለተኛ የልጄን ቤት በዘፈን ታስለፈልፊና እንተያያለን! ማንም መጥቶ ቢጠይቅ እዚህ የለችም ነው የምትዪው። ሰማሽ?»

«አልሰማሁም» አለች መምህርቷ። «ልጅ ዕቃ አይደለም፤ አይደበቅም።»

«አንቺ ምን ታውቂና!»

ልጅቷ እጁን ይዛ እየጎተተች አስወጣችው።

መምህርቷ በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባች። «ይሄ ሰውዬ ልጅቷን ከእናቷ ሰርቆ ነው የመጣው» አለች። «ስለ እናቷ ስጠይቃት አፏን ትለጉማለች።»

ርዕሰ መምህሯ አባትየው የሰጣቸውን ባለማኅተም ፖስታ መሳቢያቸው ውስጥ ከተው ቆለፉት። «ጉዳዩን እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ ግጥምሽን አስተምሪ።»

እሳቸውንም አስፈራርቷቸዋል ብላ ደመደመች።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያፈጥባታል፤ እሷ ሆን ብላ ልጁን ከሁሉም መጨረሻ ታስወጣለታለች። አንድ ቀን ዝናብ ላይ ግማሽ ሰዓት አቆመችው። ደስ አላት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ ዘበኛው ሰው ይፈልግሻል ብሎ ጠራት። አጥሩ ጋ ጥሩ የለበሰች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ቆማለች።

«እህቴ፣ ይህችን ልጅ አይተሻታል?» ብላ ፎቶ ዘረጋችላት። «ያላንኳኳሁት መዋዕለ ሕፃናት የለም።»

ፎቶው ላይ ልጅቷ ገና ሕፃን ሆና ሴትየዋ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ፎቶ ወደሚያነሳው ሰው ዘርግታለች።

«እናቷ ነሽ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፈለግኋት። አባቷ ይዟት ጠፋ።»

የመምህርቷ ዓይን እንባ አቀረረ። «ቆይ፣ አሁኑኑ ላምጣልሽ!»

«አይ፣ አይሆንም! ሕፃናት ፊት ግርግር አልፈልግም። ቤታቸውን ብቻ ንገሪኝ።» ጥቂት አሰበችና «አባቷ ምሳውን ቤት ነው የሚበላው?» አለች።

«ልጅቷ እንደነገረችኝ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። እሷን የሚወስዳት ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

መምህርቷ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደች። ዳቦ ቤቱን፣ ስምንቱን ደረጃ፣ በሩን ሣለችላት፤ የጓሮውንም በር አልረሳችም። ግጥሙን አስከትላ ነገረቻት። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ፈገግ አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች።

«ውለታሽን አልረሳም» አለች።

መምህርቷ ቀልሏት ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰበች ለብቻዋ ፈገግ አለች። «ቆይ፣ ዛሬ ያገኛታል!»

ልጆቹ የምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ልጅቷ አጠገብ ተንበረከከችና ጆሮዋ ላይ ተጠጋች።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ቆንጆ። እማዬ መጥታ ነበር። አሁን ቤታችሁ ሄዳ እየጠበቀቻችሁ ነው።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አላለቀሰችም። ጠረጴዛው ሥር ገባችና እዚያው ሆና የመምህርቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች።

«ቲቸር፣ ለአባዬ ቶሎ ደውይለት፤ እማዬ ቤት መጥታለች፣ እንዳትገባ፣ ደግማ ታቃጥልሃለች በይው።»