በሲንሃላ የተጻፈ ስንብት

እንግሊዞች ሲሎንን፣ የዛሬዋን ስሪላንካ፣ ለቀው ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የብዙኃኑ ሕዝብ ቋንቋ ሲንሃላ ብቻውን የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ታወጀ። የራሱ ቋንቋ ካለው ከአናሳው የታሚል ሕዝብ የተወለደውን ካናጋራትናምን ሃያ ዓመት ባገለገለበት መዝገብ ቤት፣ “ወይ ቋንቋውን ተፈተን፣ ወይ ውጣ” አሉት። በፈተናው ዕለት ከቤቱ ሳይወጣ ዋለ።

በሳምንቱ አለቃው፣ ሲንሃላው፣ ደብዳቤ ወረወረበት።

“ቋንቋችንን ስለማትችል ተሰናብተሃል! በል፣ የሚያነብልህ ፈልግ” አለው በእንግሊዝኛ።

ካናጋራትናም ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያም ብዕሩን አውጥቶ ሦስት ቃላት ሰረዘና ትክክለኛዎቹን በሲንሃላ ከላያቸው ጻፈ።

“እነዚህን አስተካክለው ያስገልብጡልኝ” ብሎ መለሰለት።

አለቃው ፊቱ ቀላ። “ታዲያ ለምን አልተፈተንክም?”

ካናጋራትናም ኮቱን አንሥቶ ወጣ።