የበሩ ጆሮ

በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ በሮች ቁልፍ አልነበራቸውም። እንግዳ የቤቱን ባለቤት ስም ይጠራል፤ ስሙ በከተማው አነጋገር ከተጠራ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል።

ወይዘሮ ዝማም ከአዲግራት ነጭ ማር ተሸክመው መጡና በልጃቸው በር ፊት ቆሙ። «ሕሉፍ!» አሉ፣ ስሙን ባወጡለት ቀን እንዳሉት፣ ከጉሮሯቸው ሥር ስበው።

«በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ አይኖርም» አለ በሩ በትሕትና።

«ካንተ ይልቅ እኔ አላውቀውም? የወለድኩት እኮ እኔ ነኝ!»

ጎረቤቱ አቶ ቸርነት ደረጃው ላይ ሆነው ሳቁ። «እማማ፣ ከበር ጋር አይከራከሩ። የኔን አማትም ከጎጃም ሲመጡ እንዲሁ ነው የሚያንገላታቸው። ጉሮሮዎን ይተዉት፤ ዝም ብለው ተንፈስ ያድርጉት።»

ወይዘሮ ዝማም ደጋግመው ሞከሩ። ስሙ በያንዳንዱ ሙከራ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻም የማንም ልጅ ስም መሰለ። በሩ ተከፈተ።

ሕሉፍ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ምሳውን ይበላ ነበር። ዞር እንኳ ሳይል «ዕቃውን እዚያው ያስቀምጡት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እናቱ ማሩን አስቀመጡ። እንደ ድሯቸው ከጉሮሯቸው ስበው ጠሩት።

ልጁ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። «አደይ!»

«ያልታወቀ ሰው ቤት ውስጥ ገብቷል» አለ በሩ እየተዘጋ። «ጥበቃ ጠርቻለሁ።»

«ይምጡ» አለ ሕሉፍ እናቱን እንዳቀፈ። «አደይ፣ እስኪመጡ ድረስ እስቲ ድገሚልኝ።»